በእኔው እስክሪብቶ «ዝግ» ተብለን ስለመመዝገባችን

ለተከበሩ የከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ጽሑፍ እጅዎ ሲደርስ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቅርቡ ገባልዎ ሲባል የሰማሁት ባለቆዳው ወንበርዎም በሙሉ ደህንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ጤንነትዎን በአካል መጥቼ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን በእኛ መንገድ በሚያልፉበት ጊዜ የመኪናዎ መስታወት ጥቁር ስለሆነ፣ እጄን አንስቼ ሰላም ያልኩት እርስዎን ይሁን ባዶ ወንበር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ለማንኛውም ሰላምታዬ ለሁለታችሁም ይሁን።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከዋናው መንገድ በስተግራ ከልብስ ሰፊው ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ አዝራር፣ ክር፣ ዚፕ፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጥኩ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት ሴት ነኝ። የመንገዱ ሰው በስሜ አይጠራኝም፤ «እትዬ ለምን» ነው የሚለኝ። ይህን ስም ያተረፍኩት ነገር ቶሎ ስለማይጥመኝ ነው። ዕቃ አቅራቢ ዋጋ ሲጨምር ለምን እላለሁ፤ ሲቀንስ ደግሞ ይበልጥ ለምን እላለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንጋባ ያለኝ ቀን «ለምን?» ብዬው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስረዳኝ ከርሟል። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት መሆኔን አስቀድመው አውቀው፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ በሰፊው ትዕግሥትዎ ያነቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩን በአደባባይ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በግል ላቀርበው ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ በአቤቱታ መስኮቱ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ወረቀቱ ከመሰንበቱ የተነሳ ጠርዙ ወይቧል፤ እንዲያውም ሦስተኛ ቀን ላይ ማጣበቂያው ለቆ ሊወድቅ ሲል ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ከሱቄ ማጣበቂያ አምጥቼ መልሼ ለጥፌልዎታለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ፣ አንድ ቅጂም በፖስታ እልክልዎታለሁ፤ ከሁለቱ ቀድሞ ጆሮዎ የሚደርሰው የመስታወቱ ይመስለኛል።

አንደኛ፤ ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቀድማልና ስለ አውቶቡስ ፌርማታው ላመሰግንዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ፌርማታው ከእኛ ደጃፍ ተነቅሎ፣ ከሱቆቻችን መስመር ማብቂያ ላይ ከተከፈተው ትልቅ መደብር ፊት ለፊት እንዲተከል ሲያዙ፣ ምክንያትዎ የእግረኛ ደህንነት ነበር። በአሮጌው ፌርማታ በሃያ ዓመት ውስጥ የተጎዳ ሰው ቢኖር ከአውቶቡስ ሲወርድ እግሩ የታጠፈበት አንድ የሒሳብ መምህር ብቻ ነው፤ እሱንም በእኔ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እኔው ነኝ ያሸሁት። ቢሆንም ስለ መምህሩ እግር ይህን ያህል መጨነቅዎ አንጀቴን በልቶታል። ተጓዡ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ለሬዲዮው ባትሪ ይገዛ፣ ለቤቱ ሳሙና ይይዝ፣ የተበጠሰ አዝራሩን አስተክሎ ይሄድ ነበር። አሁን ይህን ሁሉ የሚያደርገው እዚያ፣ በመደብሩ ውስጥ ነው፤ አዝራሩን ከማስተከሉ በቀር። ሃያ ሁለት ሱቆች ነበርን፤ ጫማ ሰፊው ልጁ ዘንድ ሄዶ ተጠጋ፣ መጽሐፍ ቤቱ የሲሚንቶ ማከማቻ ሆነ፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሸጦ የመደብሩ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዛሬ ዘጠኝ ነን። ያኔ ለምን ፌርማታው በትክክል እዚያ፣ ከመደብሩ በር አሥር እርምጃ ላይ እንደተተከለ ጠይቄ ነበር፤ ከዚያም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛ፤ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልደፈድፍም። ጎረቤቶቼም ድርሻ አላቸው። ከመደብሩ ገዝተው ሲመለሱ በእኔ በር ሲያልፉ ፌስታሉን በጃኬታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ «እንደምን ዋልሽ እትዬ?» ይሉኛል። እኔም በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሰው ለምን እንደወፈረ ሳልጠይቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላቸዋለሁ። የገዛ እህቴን እንኳ ከዚያ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ስታየኝ አቅጣጫ ጠፍቷት ተመልሳ ገባች። አልፈርድባቸውም፤ ዕቃው ይረክሳል፣ መብራቱም ያምራል። እኔ ራሴም ገብቼ ዞሬ አይቻለሁ። አዝራር የሚሸጡት ደርዘኑን በአንድ ላይ አሽገው ነው፤ ሁሉም ነጭ ነው። እንግዲህ ከቡናማ ካፖርቱ አንድ አዝራር የጎደለበት ሰው አሥራ ሁለት ነጭ አዝራር ገዝቶ ይሂድ፤ ልማት ማለት ይኼው ነው።

ሦስተኛ፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁና ወንበርዎ ላይ ደልደል ብለው ይቀመጡልኝ።

ባለፈው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን የልብስ ሰፊው እናት አረፉ፤ በዕለቱም ተቀበሩ። እማማ ለልጃቸው ብቻ እናት አልነበሩም፤ ከልጃቸው የልብስ መስፊያ አጠገብ ተቀምጠው ለመንገዱ ሰው ሁሉ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ፣ ማን ከማን ተጣላ ሲጠይቁ፣ ሲመክሩ፣ ሲቆጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በእኛ መንገድ ደግሞ ከመካከላችን የአንዱ ሰው ሲሞት፣ የብረት መዝጊያችንን እስከ ጉልበት ድረስ ዝቅ አድርገን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። እስከ መሬት አንዘጋውም፤ ሐዘን ቢሆንም ሰው ሻማ፣ ሳሙና፣ የሕፃን ወተት ያስፈልገዋልና፣ የፈለገ ሰው ብረቱን ቆርቆር ያደርጋል፣ እኛም ጎንበስ ብለን በሥሩ እናቀብለዋለን። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ሱቅ ስከፍት ነበረ፤ ለባለቤቴም ተደርጎለታል።

እርስዎ በዚያ ቀብር ላይ ከዘመድ ሁሉ ቀድመው ተገኙ። ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የልብስ ሰፊውን እጅ በሁለት እጅዎ ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ በፊት የሰዓት አዳሹ ወንድም ሲሞት አልመጡም፤ የጫማ ሰፊው ሚስት ስትሞት አልመጡም፤ ለባለቤቴም አልመጡም፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ «ዛሬስ ለምን መጡ?» ብል፣ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሰው ሊያጽናና መጥቶ እንኳ አትለቂውም ወይ ብለው ገሠጹኝ። አፈርኩ። እርስዎም በዚያ ሐዘን መካከል ልብስ ሰፊውን መዝጊያችሁ ዝቅ ብሎ የሚቆየው ለስንት ቀን ነው ብለው ጠየቁት፤ እሱም ሰው አሰበልኝ ብሎ ተነክቶ ሦስት ቀን መሆኑን ነገረዎት። ከኪስዎ ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉ። እኔ የሟቿን ስም የሚጽፉ መስሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ በዚያች ደቂቃ ወድጄዎት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮዎ ባለመዝገብ መጣ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ይዞ፣ ከሱቅ ሱቅ እየቆመ፣ እስከ ጉልበት የወረዱትን መዝጊያዎች ቁልቁል እያየ ይጽፋል። እኔ በር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው አልጽፍ አለው። አራገፈው፣ ተነፈሰበት፣ ጫማው ላይ አሸው፤ እምቢ አለው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ መዝጊያዬን ቆርቆር አደረገና «እናቴ፣ እስክሪብቶ ይኖራል?» አለኝ። ሰማያዊ ወይስ ጥቁር ብዬ ጠየቅኩት፤ ጥቁር አለ፤ በሥሩ አቀበልኩት። ለቢሮው የሚያቀርበው ደረሰኝም ፈለገ፤ ቀን ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠሁት። እሱም አመስግኖኝ ቀና አለ፣ እስክሪብቶውን ሞከረው፣ በእኔ ሱቅ ትይዩ «ዝግ፤ አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ ጻፈ።

ክቡር ሆይ፤ የተማርኩት ትንሽ ስለሆነ ይህን ነገር መረዳት አቅቶኝ ስብሰለሰል ከርሜአለሁ። በቢሮዎ ፋይል ውስጥ አገልግሎት ከማይሰጥ ሱቅ የተቆረጠ ደረሰኝ አለ። የመዝገቡ ቀለም የእኔ ቀለም ነው። በዚህ አያያዝ ደግሞ የእርስዎ የአቤቱታ መስኮት፣ በወሩ ውስጥ ሦስት ቀን ዝግ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አገልግሎት ያቆመ ተብሎ ለምን እንዳልተመዘገበ አልገባኝም። መዝጋቢ ካጣችሁ እኔ ሰንጠረዥ መሥራት እችላለሁ፤ እስክሪብቶም አለኝ።

አራተኛ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የቢሮዎ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማስታወቂያው መሠረት ለሦስት ተከታታይ ቀናት በተካሄደ የመስክ ጥናት ዘጠኛችንም ዝግ ሆነን ተገኝተናል፤ በመሆኑም መስመራችን «አገልግሎት መስጠት ያቆመ» ስለሆነ ፈቃዳችን አይታደስም፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቀን ቦታው ለትልቁ መደብር ደንበኞች የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። በከተማችን ያለውን መኪና የእርስዎን ጨምሬ ቆጥሬዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነው፤ እስካሁን አንዱም ማቆሚያ አጥቶ ሲዞር አላየሁም። ቢሆንም ሰው ሳይኖር ቦታ ማዘጋጀት አርቆ አሳቢነት ነውና በዚህም አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፤ ይህን ቁጥር ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ግማሹ ክስ በራሴ ላይ ነው።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ቀን የብረታ ብረት ሻጩ፣ በሰው ፊት፣ ሦስት ቀን ብለህ ባትለፈልፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ብሎ ልብስ ሰፊውን ተናገረው። ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ መስፊያውን ጨርቅ አልብሶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እኔና እሱን የሚለየን ግድግዳ ስስ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመስፊያው ድምፅ ብቻ ሱሪ ይሁን ቀሚስ የሚሰፋው አውቅ ነበር፤ አሁን የሚሰማኝ ሳሉ ብቻ ነው። ሊጠይቀው የመጣ አንድ ዘመዱን «መንገዱን የዘጋችው እኮ እናቴ ናት፤ ሞታም ለሰው ሸክም ሆነች» ሲለው በግድግዳው በኩል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቱን የቀበረ ሰው በእናቱ ሞት ሲያፍር አይተው ያውቃሉ? እኔ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ገብቼ ያጽናናሁት እንዳይመስልዎ። እኔማ «እትዬ ለምን» ነኝ። ለምን ሦስት ቀን አለ? ለምን እርስዎ እጁን ያን ያህል ጊዜ ያዙት? ምናልባት በመደብሩ ውስጥ አንዲት ጥግ፣ አንድ መስፊያ የምታስቀምጥ፣ ቃል ገብተውለት ይሆን? ይህ ሐሳብ አንዴ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እኔ አዝራር እሸጣለሁ፣ እሱ ይተክላል፤ እንዲህ ነበር የኖርነው፤ እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ሱሪ ይዞ የመጣ ሰው ልብስ ሰፊው ይሠራ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ሥራ ትቷል ብዬ ወደ ሌላ ከተማ ላክሁት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰላም ሳልለው አልፌዋለሁ። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይገባኛል ብሎ ነው የተቀበለው። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ስጽፍም ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን የሱን ፊት ባየሁ ቁጥር እፍረት እፍረት ይለኛል። አንድን መንገድ ለማፍረስ ግሬደር እንደሚያስፈልግ ነበር የማውቀው፤ እርስዎ ግን አንድ ቃል ከአንድ ሐዘንተኛ አፍ ወስደው፣ ዘጠኝ ጎረቤቶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርገዋል፤ ለዚህ ችሎታዎ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ያዳግተኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለመዝገቡ በማንኛውም ተራ ቀን ተመልሶ ይምጣ፤ መዝጊያዎቹ እስከ ላይ ተከፍተው ያገኛቸዋል፤ እስክሪብቶም በነፃ እሰጠዋለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን፣ ቢያንስ አንድ ሰው ልከው ለልብስ ሰፊው ጥፋቱ የእናቱ አለመሆኑን ይንገሩልኝ። ከእኔ አፍ አያምንም፤ እኔም አምኜ ልነግረው ገና አልቻልኩም። የቀሩን አሥራ ሁለት ቀናት ናቸው፤ ስብሰባው እስከዚያ ያልቅ ይሆን?

ለውድ ጊዜዎ፣ ለቀብር መምጣትዎ፣ ለመምህሩ እግር ላሳዩት ርኅራኄ፣ ገና ላልተገዙት መኪኖች ላዘጋጁት ማረፊያ፣ በአጠቃላይም እኛ ሳናውቀው ለእኛ ስላሰቡልን ነገር ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ረጅም ዕድሜና ብርሃን የሚያስገባ የመኪና መስታወት እንዲሰጥዎ የምመኝ፤

በመዝገብዎ የሌለሁ፣ በሱቄ ያለሁ፣
አክባሪዎ የአዝራር ነጋዴ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ፈርሜ ከማስታወቂያው ጋር የታደለንን የጥናት ቅጂ ልጠርዝበት ስል አንድ ነገር አየሁ። ነጋዴ የሆነ ሰው የታሸገ ዕቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ የተመረተበትን ቀን መፈለግ ነው፤ የእርስዎን ሃያ ገጽ ጥናት ግን ደንግጠን ኖሮ ዘጠኛችንም ያነበብነው የፊቱን ገጽ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ጥናቱ የተካሄደው በወሩ አሥራ አምስተኛ፣ አሥራ ስድስተኛና አሥራ ሰባተኛ ቀን ነው ይላል። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ፣ ከፊርማዎ ሥር፣ ጥናቱ ተጠናቆ የጸደቀው በዚያው ወር በአራተኛው ቀን ነው ይላል።

እማማ ከማረፋቸው አሥር ቀን በፊት ማለት ነው፤ አራተኛው ቀን ክር አቅራቢዬ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም። ዘጠኙም ሱቆች እስከ ላይ ተከፍተው ነበር። እማማ እኔው ዘንድ ተቀምጠው ለልጃቸው ክር ሲመርጡ፣ ጥቁር ብዬ ያቀረብኩላቸውን «ይኼ ሰማያዊ ነው፣ ዓይን የለሽም እንዴ?» እያሉ ሲከራከሩኝ ነበር። ገጹን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ገባሁ። ቀኑን ሁለት ጊዜ አስነበበኝና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ይቅር ማለቱን ገና አልነገረኝም።

ክቡር ሆይ፤ እኛ መዝጊያችንን የምናወርደው ሰው ሲሞትብን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ዝግ ነበራችሁ ብለው ፈርመዋልና፣ በዚያ ቀን ማን ሞቶብን እንደነበር በትሕትና እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን፤ ሳናለቅስለት ቀርተን ከሆነ ዘጠኛችንም ቢሮዎ ድረስ መጥተን እናለቅሳለን።